አርባ ሁለተኛው በርሜል

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ወንበሬን የተረከበችው ሂባ ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ጎበዝ መሐንዲስ ናት፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥንታ ጨርሳ አሁን ቁምሳጥኔን መፈተሽ ጀምራለች።

«እትዬ ነፊሳ፣ ‹በርሜል› የሚል ፋይል አገኘሁ። ውስጡ አንድ ዝርዝር አለ። እስከ አርባ አንድ ድረስ በኮምፒዩተር የተጻፈ ነው፤ አርባ ሁለተኛው ግን በእርሳስ ነው። ከጀርባው ደግሞ አንድ ስም ተሰርዟል። ልጣለው?» አለችኝ።

«ጣይውና ጉድሽን ታያለሽ!» ብዬ ጮህኩባት።

ደነገጠች። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ሠላሳ ዓመት ስጮህ ኖሬ በሁለት ወር አልተውም። ነገሩን በስልክ ላስረዳት ሞከርኩና አቃተኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ። ከቀትር በኋላ ባሌ ጫቱን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ሲቀመጥ ሆዳን ሰፈር ያለው ቤታችን ለእኔ ብቻ ይቀራል፤ ጊዜም ጸጥታም አለኝ።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግድ ነበር። ጅቡቲ የመጣሁት በትዳር ነው፤ መጀመሪያ የኖርነውም ካርቲዬ ካትር በሚባለው ሰፈር፣ ከባሌ እናት ጋር ነው። ቤት ውስጥ መቀመጥ ሲሰለቸኝ ፓኔል ፋብሪካ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ፓኔል ማለት በሁለት ላሜራ መሃል ፎም ተሞልቶ የሚሠራ ወፍራም ሰሌዳ ነው፤ የማቀዝቀዣ መጋዘን ግድግዳ ይሆናል፣ የቤት ጣሪያ ይሆናል። የጅቡቲን በጋ ላየ ሰው ጥቅሙን ልንገርህ አይባልም። የፋብሪካው ባለቤት አውሮፓ ያለ ትልቅ ኩባንያ ነው። ዕቃ ተረካቢ አድርገው ሲቀጥሩኝ አማርኛ፣ ሶማሊኛ፣ አረብኛና ፈረንሳይኛ ስለምትችል ነው ተባለ። እውነቱን ለመናገር በአራቱም መጨቃጨቅ ስለምችል ነው። ደሞዙ የሚያኮራ ባይሆንም ቀኑን ጠብቆ ይመጣ ነበር፤ ስለ ደሞዝ ይህ ይበቃል።

አለቃዬ ሐጅ ዩሱፍ ነበሩ። እሳቸውም የድሬዳዋ ቤተሰብ ናቸው፤ ግን እዚሁ ተወልደው ወጣትነታቸውን የጨረሱት በአሮጌው ባቡር ጣቢያ፣ የዕቃ ሚዛን ክፍል ውስጥ ነው። ባቡሩ ሲቆም ሚዛኑን እዚያው ትተው ልማዳቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ነጭ ቆባቸው ስር እርሳስ ይሰካሉ፤ ትከሻቸው ላይ ፎጣ አይጠፋም። ፎጣው ለላብ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለቆጣሪ ነው። የመብራትም ሆነ የውሃ ቆጣሪ መስታወቱን ሳይወለውሉ አያነቡም፤ «አቧራው ሰባትን አንድ ያደርገዋል» ይላሉ። ቁጥሩን ከጻፉ በኋላ ደግሞ ወረቀቱን ይገለብጡና ከጀርባው ሦስት ነገር ያሰፍራሉ፤ የት ነው ያለው፣ ማን አገኘው፣ በስንት ሰዓት። አንድ ቀን እንኳ ይህን ሲዘሉ አላየሁም። በኸምሲን ነፋስ አሸዋ አፋችን ውስጥ እየገባም ቢሆን አይዘሉትም።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ጥያቄያቸው ነው። ማንኛውም ዕቃ ገባ ወይም ወጣ ብዬ ስነግራቸው፣ «የት አደረ?» ይሉኛል። ባቡር ጣቢያ ሳሉ የተመዘነ ጭነት ሥራው አለቀ የሚባለው ከጣቢያው ሲወጣ አልነበረም። ያደረበት ጣቢያ ስልክ ደውሎ እኛ ጋ አድሯል ሲል ነው። ያንን ይዘው ቀሩ።

አንድ ጊዜ ሦስት ጥቅል ላሜራ ገባ ብዬ ጻፍኩ።

«የት አደረ?» አሉኝ።

«መጋዘን ነዋ።»

«አይተሻል?»

«ዘበኛው ነገረኝ።»

«እንግዲያው ዘበኛው ይፈርም። አንቺ ለምን ትፈርሚያለሽ?»

በንዴት ግቢውን አቋርጬ ሄድኩ። ሁለቱ መጋዘን ነበሩ። ሦስተኛው ግን ቦታ ጠፍቶለት ውጭ፣ ከውሃ ማጠራቀሚያው ስር ተቀምጦ ጨዋማ ውሃ ይንጠባጠብበታል። ሌላ ሳምንት ቢቆይ ዝጎ ለምንም አይሆንም ነበር። ተመልሼ ስነግራቸው አልሳቁብኝም፣ አልገሠጹኝም። ወረቀቱን ገልብጠው ‹ያገኘችው፦ ነፊሳ› ብለው ጻፉ። ትንሽ ነገር ናት፤ እኔ ግን ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ተሹሜ እንደመጣ ሰው ነው።

ዕድሜያቸው ደርሶ ጡረታ ሲወጡ ስጦታ እንድፈልግላቸው የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። በእሳቸው ሰፈር ውሃ የምትመጣው ስትፈልግ ነው፤ ስለዚህ ከግቢያችን አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል መርጬ፣ ከወርክሾፕ ሠራተኞች ጋር ደጋግመን አጥበን፣ የነሐስ ቧንቧ አስገጥመንለት፣ ክዳኑ ላይ ስማቸውን በነጭ ቀለም አስጻፍኩበት። ሁሉም አጨበጨበ። በዳይሬክተሩ መኪና ተጭኖ ቤታቸው ገባ። ቦታቸውንም እኔ ወረስኩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአውሮፓ አዲስ ሕግ መጣ። ቢሮ ውስጥ ታክሶኖሚ እንለዋለን። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ትልቅ ኩባንያ በየዓመቱ ከሽያጩ፣ አዲስ ከሚያወጣው የኢንቨስትመንት ገንዘብና ከሥራ ማስኬጃው ምን ያህሉ አካባቢን በእውነት ከሚጠቅም ሥራ ጋር እንደተያያዘ ለሕዝብ ይናገራል። አረንጓዴ ነን ብሎ ቅጠል ያለበት ፎቶ መለጠፍ ቀረ። ጥያቄው በደረጃ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ፣ ሥራችሁ በዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይ? የእኛ አለ፤ ሙቀት የሚከላከል የሕንፃ ዕቃ ነው፣ መብራት ይቆጥባል። ይህ ግን ‹ይመለከታችኋል› ማለት ብቻ ነው። ቀጥሎ፣ ፓኔሉ ሙቀት የማሳለፍ ልኩ ከተወሰነው በታች ነው? ቀጥሎ፣ በአንድ በኩል ስትጠቅሙ በሌላ በኩል ውሃውን፣ አፈሩን፣ የሰውን ጤና አልጎዳችሁም? ቆሻሻችሁ የት ይሄዳል? ኬሚካላችሁን እስከ መጨረሻው ትከታተላላችሁ? በመጨረሻም የሠራተኛ መብት ይጠበቃል? ይህን ሁሉ ያለፈ ነው ‹ያሟላል› የሚባለው። ‹ይመለከተዋል› እና ‹ያሟላል› የሚሉትን ደባልቆ ስንቱ ተሳስቷል።

ሌላው ሰው ቅጹን ሲያይ ራሱን ያመዋል። እኔ ወደድኩት። ስሙን በማላውቀው ከተማ የተቀመጠ ሰው የሐጅ ዩሱፍን ጥያቄ ሲጠይቀኝ የሰማሁ መሰለኝ። በየሳምንቱ ከመስመሩ ላይ ፎም በመጋዝ አስቆርጬ ለላቦራቶሪ እልካለሁ። ፎሙን የሚያስነፋው ጋዝ የተከለከለው ዓይነት አለመሆኑን ከሻጩ ወረቀት ጋር ሳይሆን ከሲሊንደሩ ጋር አመሳክራለሁ። የላቦራቶሪ ወረቀት ያለውን ፓኔል ሽያጭ ከሌለው ለይቼ አስቀምጣለሁ። ፎጣም ገዛሁ፤ ባሌ ስቆብኛል።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ነገሩ ከበደ። ዋናው መሥሪያ ቤት ሁለተኛ የማምረቻ መስመር ሊተክልልን ፈለገ፤ ግን ሥራችን በዚያ ዓመት ሪፖርት ‹ያሟላል› ተብሎ መግባት አለበት። መስመሩ ከመጣ ለዓመታት በቀን ክፍያ ሲሠሩ የኖሩት ቋሚ ይሆናሉ። ከእነሱ አንዱ ሮብሌ ነው፤ የፎም ቅልቅሉን እንደሱ የሚያውቅ ሰው የለም፣ በጠረኑ ብቻ መጠኑ መዛባቱን ይነግርሃል። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች።

«ኤዶ ነፊሳ» ይለኛል በየጠዋቱ፤ በሶማሊኛ አክስቴ ማለቱ ነው። «ወረቀትሽ እንዴት አደረ?»

«ከአንተ በፊት ያልቃል፣ አትጨነቅ።»

ከቅጹ የቆሻሻው ክፍል ላይ ስደርስ ልቤ ሞላ። ለፎም ከሚመጡት ፈሳሾች አንዱ በብረት በርሜል ይመጣል፤ እሱን ሻጩ መልሶ ይወስዳል። ሌላው በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነው። ሰማያዊ በርሜል በዚህ ከተማ ምን እንደሆነ እዚህ የኖረ ያውቃል፤ የቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ባዶ በወጣ ቁጥር ለሠራተኛ በተራ ይሰጣል፤ ሰርግ ወይም አራስ ያለበት ቤት ቅድሚያ አለው። ይህን ልማድ የጀመርነው እኛው ነን፣ እንደ ሰደቃም እናየው ነበር። የበር መዝገቡን ከፈትኩ፣ በዚያ ዓመትና ከዚያ በፊት የወጡትን በስም ቆጠርኩ። አርባ አንድ። ቅጹ ላይ ‹ሁሉም በርሜል መልሶ ጥቅም ላይ ውሏል፣ አንድም አልተጣለም› ብዬ ጻፍኩ። ሐጅ ዩሱፍ ይህን ቢያዩ እንዴት ይኮሩ ብዬም አሰብኩ። ሪፖርቱ ሄደ። ዳይሬክተራችን ሙሴ ፊሊፕ ኬክ አስመጣ።

ያ ሳምንት ሳያልቅ የሮብሌ ሚስት ወለደች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ በልበላ ሰፈር ሄድኩ፣ አራስ ጥየቃ። ሙቀቱ ያጥወለውላል። የሮብሌ እናት በጣሳ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። ጠጣሁት። ጣሳውን ስመልስ ውሃው የተቀዳበትን በርሜል አየሁት፤ ሰማያዊ ነው፣ የእኛ ነው፣ ጎኑ ላይ ግማሹ የተፋቀ ቢጫ ወረቀት አለበት። ያን ወረቀት አውቀዋለሁ። ሙሉው ቢሮዬ ውስጥ ነው፤ ተቀብዬ፣ ቀን ጽፌ ፋይል ያደረግኩት ራሴ ነኝ። ባዶው ዕቃ ለምግብም ለውሃም እንዳይውል ይላል፣ በሦስት ቋንቋ። ሦስቱንም አነባለሁ።

«ይህን ውሃ ትጠጡታላችሁ?» አልኳት።

«መጀመሪያ ትንሽ ይመር ነበር» አለች የሮብሌ እናት። «አሁን ለመድነው። ፋብሪካው ጥሩ በርሜል ነው የሰጠን፣ አላህ ይስጣችሁ።»

ያ ምርቃት አንገቴን አስደፋኝ። አራሷ ሕፃኗን ታቅፋ ፈገግ ትላለች። አርባ አንዱን በርሜል እስከ በር ተከትዬ እዚያ ላይ ቆሜአለሁ። የት አደረ ብዬ አልጠየቅኩም። ሌላው ሰው ቢሳሳት አላወቀም ይባላል፤ እኔ ግን በዚሁ ጥያቄ ነው ያደግኩት።

በነጋታው ሙሴ ፊሊፕ ቢሮ ገባሁ። ነገሩን ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«የታመመ ሰው አለ?» አለኝ።

«አላውቅም። አለማወቄ ነው ችግሩ።»

«ኦዲተሮቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይፈርማሉ። ከሪፖርቱ ያቺን የበርሜል መስመር ብናጠፋት? በርሜሎቹ ከግቢያችን ከወጡ ቆይተዋል።»

«መስመሯን አጥፋት። በልበላ ያለውን በርሜል ደግሞ በምን ታጠፋዋለህ?» አልኩት። ድምፄ ኮሪደር ድረስ እንደተሰማ ኋላ ነገሩኝ።

ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ አስወጥቶ በሩን የሚዘጋብኝ ይኖር ነበር። እሱ ግን ወንበር ስቦ «ተቀመጪ፣ አብረን እንጻፍ» አለኝ። የጻፍነው አጭር ነው። ኬሚካል የነበረባቸው በርሜሎች ወደ ሰው ቤት መሄዳቸውን፣ እኛ ይህን እንደ በጎ ሥራ መቁጠራችንን፣ እያንዳንዱን አግኝተን እስክንመልስ ድረስ የእኛ ሥራ ‹ያሟላል› ሊባል እንደማይችል። በራሱ ስም ፈረመ። «ዳኮር፣ ይሁን ማዳም ነፊሳ፣ አሁን መስመሩን አጥተን ይሆናል» አለ። ያን ሰው እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

መልሱ ከሁለት ቀን በኋላ መጣ። በዚያ ዓመት ሪፖርት ‹ይመለከተዋል› ተብለን ገባን፤ መስመሩ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ለሮብሌ የነገርኩት እኔ ነኝ፣ ለሌላ ሰው ልተወው አልፈለግኩም። ቤቱ ስላለው በርሜልም፣ ቋሚ ስላለመሆኑም አንድ ላይ ነገርኩት። ፊቱን አዙሮ ወደ ማሽኑ አየ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝም ይገባኝ ነበር።

«ልጄ ስምንት ቀኗ ነው» አለ በመጨረሻ። «ወላሂ፣ ቋሚነቱ ይቆይ። የካሚዮኔቱን ቁልፍ ስጪኝ።»

በሱ ሹፌርነት በትንሿ የጭነት መኪና አሥራ አንድ ቀን ዞርን። ሙሴ ፊሊፕ ለምግብ የሚሆኑ አዳዲስ በርሜሎች አስገዛ፤ አንድ አሮጌ ስንወስድ አንድ አዲስ እንተካለን። ቀላል አልነበረም። ጫት ከገባ በኋላ ወንድ የሚባል አይነሳልህም፤ ሴቶቹ ደግሞ ባሌ ሳይፈቅድ አልሰጥም ይላሉ። አንዱ በርሜሉን ለአማቹ ሰጥቷል፣ አማቹ ለጎረቤት አከራይቷል። ራስ ዲካ ሰፈር አንዲት አሮጊት በርሜላቸው ላይ ተቀምጠው «ሰጥቶ መንጠቅ ከማን ተማራችሁ?» ብለው አልነሳም አሉ። አዲሱ ክዳኑ የተሻለ መሆኑን ካሳየናቸው በኋላ ተነሱ፤ ሁለት አዲስ ካልሰጣችሁኝ ብለውም ሁለት ወሰዱ። አንዲት እናት ግን የልጆቿን ፊት አንድ በአንድ አየችና ወደ እኔ ዞረች። ያ አስተያየት አሁንም ይመጣብኛል። የሰበሰብናቸውን ግቢ ውስጥ በመጋዝ ለሁለት አስቆረጥኳቸው፣ ማንም ዳግመኛ ውሃ እንዳይሞላባቸው። አርባ አንደኛው ሲቆረጥ ሮብሌ ተክቢር አለ፣ እኔም እንባዬ መጣ።

ዝርዝሩን በኮምፒዩተር አስጽፌ፣ የት እንደነበረ፣ ማን እንዳገኘው፣ በስንት ሰዓት ሞልቼ፣ ከሮብሌ ጋር በቀጥታ ወደ ሐጅ ዩሱፍ ቤት ሄድን። ጥፋቴን ልናዘዝ ነው የሄድኩት እላለሁ፤ ውሸት ነው፣ በከፊል ልኩራራም ነበር። ቁርስ በልተው ጥላ ስር ተቀምጠዋል። ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳቸው። እንደ ልማዳቸው አላቋረጡኝም። ዝርዝሩን ተቀብለው ጣታቸውን እየጎተቱ እያንዳንዱን መስመር አነበቡ።

«አርባ አንድ» አሉ።

«አርባ አንድ። ሁሉንም በዓይኔ አይቼ።»

«ከየት ቆጠርሽው?»

«ከበር መዝገቡ።»

ከዚያ ቀስ ብለው ራሳቸውን ወደ ግቢያቸው ጥግ አዞሩ። እዚያ፣ በንጹሕ ሻሽ ተሸፍኖ፣ የነሐስ ቧንቧው ተወልውሎ እያብለጨለጨ፣ ክዳኑ ላይ በነጭ ቀለም ስማቸው ተጽፎበት፣ የእኔ ስጦታ ቆሟል። በበር መዝገብ አላለፈም፤ በዳይሬክተሩ መኪና ነው የወጣው። በረሳሁት ጊዜ ሁሉ እሳቸው ከዚያ ውሃ ጠጥተዋል።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። የዓለምን በርሜል ስለቅም ከርሜ የአባቴን ያህል የምወዳቸውን ሰው ረሳሁ።

«ተነሺ» አሉኝ። «እኔም በየቀኑ እወለውለዋለሁ እንጂ ምን ነበረበት ብዬ አልጠየቅኩም። ሁለታችንም ነን። ሮብሌ፣ ና ያዝልኝ። ውሃውን ዛፌ ስር እንዳታፈሱት፤ በጀሪካን ቅዱና ከኬሚካሉ ቆሻሻ ጋር ውሰዱት።»

ከዚያ እርሳሳቸውን ከቆባቸው ስር አወጡና ዝርዝሩ ላይ አርባ ሁለት ብለው ጻፉ። ወረቀቱን ገለበጡ። ጻፉበት፣ አጥፈውም እጄ ላይ አስያዙኝ። ካሚዮኔቱ ውስጥ ከፍቼ አነበብኩት።

በማግስቱ በግድ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው፤ መንገዱን ሙሉ አጉረመረሙ፤ ሐኪሙ ለጊዜው የሚታይ ነገር የለም አለ። በየስድስት ወሩ እወስዳቸዋለሁ፤ አሁንም ያጉረመርማሉ። ባዶ በርሜል ዛሬ ከግቢያችን የሚወጣው ለሻጩ ብቻ ነው፤ መድረሱን ሻጩ ካልደወለ ወረቀቱ አይዘጋም። በተከታዩ ዓመት ኦዲተሮቹ ፋይሉን አይተው ‹ያሟላል› ብለው ፈረሙ። መስመሩ ዘግይቶ መጣ፣ ሮብሌም ቋሚ ሆነ።

ሂባ፣ ፋይሉን አትጣይው። የእርሳሱ ጽሑፍ የሐጅ ዩሱፍ ነው። ከጀርባው ‹ያለበት፦ እኔ ቤት። ሰዓት፦ ከዙህር ሶላት በፊት› ይላል፤ ሁለቱም እውነት ነው። ቀጥሎ ግን ያገኘችው ብለው ስም ጽፈዋል። በሕይወታቸው ያልሆነ ነገር ጽፈው የማያውቁ ሰው፣ እያለቀስኩ ሲያዩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ጻፉ። እኔም ካሚዮኔቱ ውስጥ እስክሪብቶ አውጥቼ ሰረዝኩት፤ ከሥሩም ‹ያገኙት፦ ሐጅ ዩሱፍ› ብዬ ፈረምኩ። የተሰረዘው ስም የእኔ ነው።